መሬት ከተናወጠ በኋላ፦ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የዕርዳታ ሥራ እንዴት መምራት ይቻላል?

ይህ ጽሑፍ ለቀበሌ አስተባባሪ፣ ለእድር ዳኛ፣ ለቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛና ከባሕር ማዶ ገንዘብ ለሚያሰባስብ ማኅበር የተዘጋጀ ነው። ምሳሌዎቹ በብዛት ከሄይቲ ናቸው። ጃንዋሪ 12 ቀን 2010 ከፖርት ኦ ፕራንስ በስተ ምዕራብ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የደረሰው፣ መጠኑ 7.0 የሆነው ርዕደ መሬት በመንግሥት ቆጠራ ከ200 ሺህ በላይ ሰው ገድሏል፤ 1.5 ሚሊዮን ያህሉን ቤት አልባ አድርጓል። በዕርዳታ ሥራ ሊበላሽ የሚችል ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል እዚያ ተበላሽቷል፤ ተመዝግቦም ቀርቷል። የእኛም ስምጥ ሸለቆ ቢሆን አርፎ የተኛ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነሥቶ በመጠለያ ከርሟል። ከዚህ ከ2017 በቀር በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት

ከውጭ የሚመጣ ነፍስ አድን ቡድን ቢፈጥን ቢፈጥን በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ነው ሥራ የሚጀምረው። በሄይቲ ከ60 በላይ ቡድኖች ገብተው በሕይወት ያወጡት 130 ያህል ሰው ነው። ከፍርስራሽ የተረፈውን ሌላውን ሁሉ ያወጣው ጎረቤቱ ነው፣ በድጅኖና በመዶሻ። ስለዚህ የውጭ ቡድን እስኪመጣ አትጠብቁ።

ስምንት ወይም አስር ሰው ላለው ቡድን ሁለት ድጅኖ፣ አራት አካፋ፣ ሁለት የመኪና ክሪክ፣ የፌሮ መቁረጫ መጋዝ፣ አስር ባልዲ፣ ወፍራም ጓንት፣ የእጅ ባትሪ፣ ፊሽካና ብዙ የተቆራረጠ እንጨት ይበቃል። እንጨቱ ከሁሉም ይበልጣል። የወደቀ ሶሌታ በክሪክ ጥቂት ከፍ ባለ ቁጥር ሥሩ እንጨት እያነባበራችሁ አስደግፉ። ክሪክ ብቻውን የያዘው ሶሌታ ቀጣዩ ንዝረት ሲመጣ ተንሸራቶ ቆፋሪውንም ይጫናል። አንድ ሰው ሥራው መመልከትና ፊሽካ መንፋት ብቻ ይሁን። በየሰዓቱ ሥራ አቁሙ፣ ሞተር አጥፉ፣ አንኳኩ፣ አዳምጡ። ቡልዶዘር በዚህ ጊዜ ፍርስራሹ ላይ አይውጣ።

እግሩ ወይም እጁ ለሰዓታት የተጫነ ሰው ሲወጣ ደህና መስሎ፣ ሸክሙ እንደተነሣለት በድንገት ሊሞት ይችላል። ከተቀጠቀጠው ጡንቻ የሚወጣው ፖታሲየም ልብን ያቆማል፤ ሌላው ዝቃጭ ደግሞ ኩላሊትን ይዘጋል። የጤና ባለሙያ ካለ ሸክሙ ሳይነሣ ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውሃ) ይጀመርለት፤ ለአዋቂ በሰዓት 1 ሊትር ገደማ። ሪንገር ላክቴት ውስጡ ፖታሲየም ስላለው ለዚህ አይሆንም። ሽንቱ እንደ ሻይ ከጠቆረ ኩላሊት እጥበት ወዳለበት ሆስፒታል ፈጥኖ ይላክ።

የውጭ ቡድኖች ግድግዳ ላይ በቀለም የሚጽፉትን አታጥፉ። የላቲኗን «ቪ» (V) የምትመስለው ምልክት ተጎጂ አለ ማለት ናት። ከሥሯ «ኤል» (L) ከነቁጥሯ በሕይወት ያሉትን፣ «ዲ» (D) የሞቱትን ታመለክታለች። ምልክቱን የቀባ ወይም ያጠበ ሰው፣ ቀጣዩ ቡድን ያንኑ ቤት እንደ አዲስ እንዲፈትሽ ያደርገዋል።

ስለ ሟቾች

በርዕደ መሬት የሞተ ሰው አስከሬን ወረርሽኝ አያመጣም። የሞቱት በጉዳት እንጂ በተላላፊ በሽታ አይደለም። ሆኖም በየአደጋው ይህ ፍርሃት ይነሣና አስከሬን በገልባጭ መኪና ተጭኖ በጅምላ ይቀበራል። ከፖርት ኦ ፕራንስ ወጣ ብላ በምትገኘው ቲታንየን እጅግ ብዙ ሰው ማንነቱ ሳይለይ ተቀብሯል። ቤተ ዘመድ ሞቱን ማረጋገጥ ሲያቅተው ተዝካር ማውጣት፣ ውርስ መካፈል፣ ዳግመኛ ማግባት ሁሉ ይቸግራል።

ለእያንዳንዱ አስከሬን ውሃ የማያጠፋው ቁጥር እሰሩለት። ፊቱን፣ ሙሉ ገላውን፣ ልብሱንና ጌጡን ቁጥሩ እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሡ፤ የተገኘበትን ቦታ ጻፉ። መቃብሩ ከ1.5 ሜትር ያላነሰ ጥልቀት ይኑረው። ብዙ ሰው ካለ በአንድ ረድፍ፣ በአንድ ንብርብር ብቻ፣ በመካከላቸው 40 ሳንቲ ሜትር ተትቶ ይቀበሩ። ከመጠጥ ውሃ ምንጭ 200 ሜትር ይራቅ። ኖራ መበተን ጥቅም የለውም። ተሸካሚዎች ጓንትና ቦት ጫማ ያድርጉ፣ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

መቁጠር

ማንኛውም ዕርዳታ ከመጠየቁ በፊት ሰው ይቆጠር። የእድር መዝገብ እዚህ ላይ ከማንኛውም የመንግሥት ሰነድ ይጠቅማል፤ የቤተሰቡን ቁጥርና የቤቱን ሰፈር ይዟልና። እሱን መነሻ አድርጋችሁ አባወራና እማወራ፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞች፣ ብቻቸውን የቀሩ ሕፃናት እያላችሁ ለዩ። ተከራዮችና የጉልበት ሠራተኞች በእድር ስለማይገኙ በየቤቱ ጠይቃችሁ ጨምሩ። እነሱን የረሳ ዝርዝር በሁለተኛው ሳምንት ጠብ ያስነሣል።

ብቻውን የተገኘ ልጅ ለማንም «እናሳድገዋለን» ባይ አይሰጥም። ሄይቲ ውስጥ አደጋው በደረሰ በሦስተኛው ሳምንት አሥር አሜሪካውያን 33 ልጆች ይዘው ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሊሻገሩ ሲሉ ተይዘዋል፤ የአብዛኞቹ ልጆች ወላጆች በሕይወት ነበሩ። ልጁ ባለበት አካባቢ ይቆይ፣ ስሙ ይመዝገብ፣ ለቀይ መስቀል የቤተሰብ ፍለጋ ክፍል ይነገር።

ውሃ

በዚህ ክፍል ላይ ቆም በሉ። ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ሰው የሚያልቀው በውሃና በሰገራ ነው።

መለኪያው የዓለም አቀፍ ዕርዳታ ድርጅቶች የሚመሩበት የስፌር መለኪያ ነው፤ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት 7.5 ሊትር ያስቆያል፤ ከዚያ በታች ከወረደ ሰው መታጠብ ያቆምና ወደ ወንዙ ይሄዳል። ለአንድ ቧንቧ ከ250 ሰው፣ ለአንድ የእጅ ፓምፕ ከ500 ሰው አይብለጥ፤ ርቀቱ ከ500 ሜትር፣ ወረፋው ከ30 ደቂቃ አይዝለል። ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ጀሪካን ይሰጥ፤ አንዱ መቅጃ፣ አንዱ ማስቀመጫ። አንድ ብቻ ከሰጣችሁ ቤት ውስጥ ውሃው አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ ይቀመጥና በእጅ ይበከላል። እንደ አፋር ባለ አርብቶ አደር አካባቢ ለከብት በራስ ከ20 እስከ 30 ሊትር፣ ለፍየልና ለበግ 5 ሊትር ጨምራችሁ አስቡ። ካላሰባችሁ ሰዎቹ ከራሳቸው ድርሻ ያጠጣሉ፤ እረኛ ከብቱ እየተጠማ አይጠጣም።

ቦቴ ያመጣውን ውሃ ሮቶ ውስጥ ገልብጦ ማደል አይበቃም። ክሎሪን ይግባበት፣ ልኩም በሙከራ ይገኝ፤ ውሃ ሁሉ አንድ አይደለምና። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. ባለ 70 በመቶ የክሎሪን ዱቄት 15 ግራም (አንድ ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ) በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ። ይህ 1 በመቶ ብጥብጥ ይባላል። ዱቄቱ ወደ ውሃው እንጂ ውሃው ወደ ዱቄቱ አይፈስም። የፕላስቲክ ዕቃ ተጠቀሙ፤ ነፋስ ባለበት ሥሩ።
2. አራት ባልዲ በ20 ሊትር በ20 ሊትር ያንኑ የሮቶውን ውሃ ሙሉ። በሲሪንጅ ለመጀመሪያው 1 ሚሊ ሊትር፣ ለሁለተኛው 1.5፣ ለሦስተኛው 2፣ ለአራተኛው 2.5 ጨምሩና አማስሉ።
3. 30 ደቂቃ ጠብቁ።
4. በመለኪያ ኪኒን ቀሪውን ክሎሪን ለኩ። ከ0.4 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም በሊትር ያሳየው ባልዲ ልኩን ይነግራችኋል።
5. አባዙ። ሦስተኛው ባልዲ ከተመረጠ፣ ለ20 ሊትር 2 ሚሊ ሊትር ማለት ለ5,000 ሊትር ሮቶ 500 ሚሊ ሊትር፣ ለ10,000 ሊትር ቦቴ 1 ሊትር ነው።

በየቧንቧው አፍ ላይ ጠዋትና ማታ ለኩ፤ ከ0.2 በታች መውረድ የለበትም። በየጊዜው ደግሞ ከሰው ጀሪካን ቅዱና ለኩ። ቧንቧው ላይ ደህና የነበረው ውሃ ቆሻሻ ጀሪካን ውስጥ በጥቂት ሰዓት ክሎሪኑ ያልቅበታል።

ሦስት ስህተት ይደጋገማል። አንደኛው የደፈረሰ ውሃ ላይ ክሎሪን መጨመር ነው። ጭቃው ክሎሪኑን ይበላዋል፤ አስቀድሞ በአሉም ወይም በማጥለል ይጥራ። ሁለተኛው ብጥብጡን ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ለቀናት መጠቀም ነው፤ ኃይሉ ይሄዳል፣ ሠራተኛው ግን ያንኑ ልክ ይጨምራል። ሦስተኛው ከመጠን ማለፍ ነው። ውሃው ከሸተተ ሰው ጥሎት ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ በክሎሪን ሥራ ትልቁ ኪሳራ ይሄ ነው።

ቤት ለቤት ከሆነ፣ 5 በመቶ የሆነ፣ ሽቶና ቀለም ያልተጨመረበት በረኪና ለ1 ሊትር ጥሩ ውሃ 2 ጠብታ፣ ለደፈረሰ 4 ጠብታ ይበቃል፤ 30 ደቂቃ ይቆይ። ከበረኪናው ጋር አሲድ ያለበት የመጸዳጃ ማጽጃ አንድ ላይ አይነካካ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ኮሌራ ሄይቲ የገባው ከርዕደ መሬቱ ዘጠኝ ወር በኋላ፣ በኦክቶበር 2010 ነው። ምንጩ የፈረሰው ከተማ አልነበረም። በሚርባሌ የነበረው የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች ሰፈር ፍሳሹ ወደ አርቲቦኒት ወንዝ ገባር በመግባቱ ነው። ከ800 ሺህ በላይ ሰው ታሞ ወደ 10 ሺህ ያህሉ ሞተ፤ የድርጅቱ ዋና ጸሐፊ ባን ኪ ሙን ሕዝቡን ይቅርታ የጠየቁት በዲሴምበር 2016 ነው። መጀመሪያ ላይ ክሎሪን የገባበት ውሃ የሚታደልባቸው የፖርት ኦ ፕራንስ ካምፖች፣ ምንም ቢጨናነቁ፣ ከወንዙ ዳር ገጠር ያነሰ ተጎድተዋል። ለሚመጣ ማንኛውም ቡድን፣ ወታደርም ይሁን ሐኪም፣ «ሽንት ቤታችሁ የት ነው? ማን ያነሣዋል? የት ይደፋል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሽንት ቤት

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለ50 ሰው አንድ፣ በኋላ ለ20 ሰው አንድ። ለወንድ አንድ ሲቆፈር ለሴት ሦስት። ለአስቸኳይ ጊዜ ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ስፋቱ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር የሆነ ቦይ ስድስት ክፍል ይወጣዋል። ከላይ 50 ሳንቲ ሜትር ሲቀረው አፈር ይመለስበትና ይዘጋል። ከውሃ ምንጭ 30 ሜትር ይራቅ፤ ወለሉ ከከርሰ ምድር ውሃው 1.5 ሜትር ከፍ ይበል። ከድንኳን ከ50 ሜትር በላይ ካራቃችሁት ሴቶችና ልጆች በሌሊት አይሄዱም። በሩ ከውስጥ ይዘጋ፤ መንገዱ መብራት ይኑረው፤ እጅ መታጠቢያው በሩ ላይ ይሁን። ሳሙና በሰው በወር 250 ግራም ለገላ፣ 200 ግራም ለልብስ ነው።

በከተማ መሬቱ ኮንክሪት ወይም የግል ይዞታ ስለሚሆን መቆፈር አይቻልም። ያኔ በርሜል ያለው ከፍ ያለ ሽንት ቤት ይሠራል። መኪናው፣ ነዳጁና መድፊያ ቦታው ከመጀመሪያው ቀን ካልታሰበ ግን በሳምንቱ ይሞላና ይተዋል።

መጠለያ

ሰው ለአንድ ራስ 3.5 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያስፈልገዋል። ጠቅላላ ሰፈሩ፣ መንገድና ሽንት ቤት ጨምሮ፣ በሰው 45 ካሬ ሜትር ነው። በድንኳኖች መካከል ቢያንስ 2 ሜትር፣ በየ300 ሜትሩ 30 ሜትር ክፍት የእሳት መከላከያ ይተው። ከተሰነጠቀ ሕንፃ ቁመቱን አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ራቁ። በኔፓል ከኤፕሪል 25 ቀን 2015 ዋና መንቀጥቀጥ በኋላ፣ ሜይ 12 መጠኑ 7.3 የሆነ ሌላ መጥቷል፤ «አለፈ» ብሎ ወደ ተሰነጠቀ ቤት መግባት ከዚያ ወዲህ ማንንም ሊያሳምን አይገባም።

4 በ6 ሜትር ሸራ ሁለት፣ ሲባጎ፣ ምስማር፣ መዶሻና መጋዝ ለአንድ ቤተሰብ ከተሰፋ ድንኳን ይረክሳል፣ ይቆያልም። ሸራውን ምስማሩ እንዳይቀደው የለስላሳ ቆርኪ በምስማሩና በሸራው መካከል አስገቡ። ጣሪያው ውሃ እንዳያቁር ተዳፋት ይኑረው። ዙሪያውን 20 ሳንቲ ሜትር ቦይ ይቆፈር፤ የቦዩ ውሃ ወደ ጎረቤት ደጅ እንዳይሄድ ግን አብራችሁ ተነጋገሩ።

ከውጭ የሚመጣውን ዕርዳታ መጠየቅና መቀበል

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1991 ባወጣው ውሳኔ መሠረት ዓለም አቀፍ ዕርዳታ የሚገባው በመንግሥት ጥያቄ ወይም ፈቃድ ነው። እኛ ጋ የሚያስተባብረው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ነው። ፈቃድ በዘገየበት ሰው ይጎዳል። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2023 ቱርክና ሶርያ ሲመቱ፣ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሶርያ የመጀመሪያው የተባበሩት መንግሥታት ተሽከርካሪ የገባው በ4ኛው ቀን፣ ፌብሩዋሪ 9 ነው፤ ለድርጅቱ የተፈቀደው መግቢያም በቱርክ ድንበር ያለው ባብ አል ሐዋ ብቻ ነበር። ሁለት ተጨማሪ መግቢያዎች የተከፈቱት ከዚያ በኋላ ነው።

ከ2005 ጀምሮ ድርጅቶች በዘርፍ ተከፋፍለው ይሠራሉ፤ ክላስተር ይሉታል። ውሃና ንጽሕናን ዩኒሴፍ፣ ጤናን የዓለም ጤና ድርጅት፣ ትራንስፖርትና መጋዘንን የዓለም ምግብ ፕሮግራም፣ ከተፈጥሮ አደጋ በኋላ መጠለያን የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ማኅበራት ፌዴሬሽን ይመራል። ሸራ ፈልጋችሁ የጤናው ስብሰባ ላይ ብትጮኹ ሰሚ የለም። በሄይቲ እነዚህ ስብሰባዎች በአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ በታጠረው የተባበሩት መንግሥታት ግቢ፣ በአብዛኛው በባዕድ ቋንቋ ይካሄዱ ስለነበር ክሪዮል ተናጋሪው የአገሬው ማኅበር ደጅ ቀርቷል። ስለዚህ ቋንቋ የሚችል አንድ ሰው መድቡና በየስብሰባው አንድ ገጽ ወረቀት ይዞ ይግባ።

በወረቀቱ ላይ «ሕዝባችን ተቸግሯል» አይጻፍ፤ ቁጥር ይጻፍ። ለ1,000 ሰው (200 ቤተሰብ) እንዲህ ይመስላል፦ በቀን 15,000 ሊትር ውሃ፤ 4 ቧንቧ፤ 400 ጀሪካን፤ አሁን 20፣ በኋላ 50 ሽንት ቤት፤ 400 ሸራ፤ በወር 450 ኪሎ ሳሙና፤ በቀን በሰው 400 ግራም እህል፣ 60 ግራም ጥራጥሬ፣ 25 ግራም ዘይት ሲታሰብ በወር 120 ኩንታል እህል፣ 18 ኩንታል ጥራጥሬ፣ 750 ኪሎ ዘይት። ከሥሩ ካለን ላይ ስንት እንደጎደለ፣ መንገዱ የስንት ኩንታል መኪና እንደሚያሳልፍ፣ ማን እንደሚረከብና መጋዘኑ የት እንደሆነ ይጨመር። ቀኑ መጻፉ አይረሳ፤ ያረጀ ዝርዝር የተሳሳተ ዕቃ ያመጣል።

የሕክምና ቡድን ሲመጣ ደረጃውን ጠይቁ። በሄይቲ ማንም ተነሥቶ ቀዶ ሕክምና ያደርግ ስለነበር፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ቡድኖችን በሦስት ደረጃ መደበ። አንደኛው በቀን 100 ተመላላሽ ታካሚ ያያል፤ ሁለተኛው 20 አልጋና በቀን 7 ከባድ ወይም 15 ቀላል ቀዶ ሕክምና ይችላል፤ ሦስተኛው 40 አልጋና ልዩ ሕክምና አለው። የራሳቸውን ውሃ፣ ነዳጅና ምግብ ያላመጡ እንግዶች ከእናንተው ይበላሉ። ሲሄዱ ለእያንዳንዱ ታካሚ የሕክምና ወረቀት ትተው መሄዳቸውን አረጋግጡ።

ከባሕር ማዶ ለምትረዱ

ዋሽንግተንም ሁኑ ቴል አቪቭ፣ ሪያድም ሁኑ ፍራንክፈርት፣ ዕቃ ከመሰብሰብ ገንዘብ ላኩ። አደጋ በደረሰበት ከተማ የሚጠበው አውሮፕላን ማረፊያው ነው። ፖርት ኦ ፕራንስ አንድ ማኮብኮቢያ ብቻ ነበራት፣ የመቆጣጠሪያ ማማዋም ተጎድቶ ነበር፤ የሕክምና ድንኳን የጫነ አውሮፕላን ማረፊያ አጥቶ ወደ ጎረቤት አገር ዞሯል። ካትማንዱም አንድ ማኮብኮቢያዋ ሲጎዳ ከ196 ቶን በላይ የሚመዝን አውሮፕላን እንዳያርፍ ከልክላለች። ያገለገለ ልብስ የጫነ ጭነት የዚያን ማኮብኮቢያ ቦታ ይወስዳል።

መድኃኒት ደግሞ የባሰ ነው። በዲሴምበር 1988 አርመኒያ ስትመታ 5,000 ቶን መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ጎረፈላት፤ 50 ሰው ለይቶ ለመመዝገብ ስድስት ወር ፈጀበት፤ በቀላሉ ተለይቶ የታወቀው ሲሶው ብቻ ነበር። መድኃኒት የግድ ከተጠየቀ፣ ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት ዕድሜ የቀረው፣ በሳይንሳዊ ስሙ ተቀባዩ በሚያነበው ቋንቋ የተጻፈበት፣ ከሰው ቤት ያልተመለሰ ይሁን። በአንድ ካርቶን አንድ ዓይነት ዕቃ ብቻ ይግባ። መለያው ቀለም ለመድኃኒት አረንጓዴ፣ ለምግብ ቀይ፣ ለልብስና ለቤት ዕቃ ሰማያዊ ነው።

ገንዘቡን ለማን እንላክ ለሚለው፣ አደጋው ከመድረሱ በፊት እዚያው ይሠራ የነበረ ድርጅት ይቀድማል። ከመላካችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁት፦ በየትኛው ወረዳ ስንት ቤተሰብ መዝግበሃል? ገበያው እየሠራ ከሆነ ለምን ጥሬ ገንዘብ ለተጎጂው አትሰጥም? ከዚህ በፊት የሰጠኸውን ዝርዝር ከነደረሰኙ ልታሳየን ትችላለህ? ሦስተኛውን በሳምንት ውስጥ መመለስ ያልቻለ፣ ገንዘቡን ሌላ ቦታ ላኩት።